350 ሞተር ለተገጠመበትና የመሪ ፓምፑ ቺንጋ እየጮኸ ለሚወጣበት የ1967 ሼቭሮሌት ኢምፓላ
ቺንጋው የሚወጣው ላልቶ አይደለም፤ የሁለት ዘመን ዕቃ ስለተቀላቀለ ይመስለኛል። ሼቭሮሌት በዚህ የሞተር ዓይነት (ስሞል ብሎክ V8) ላይ እስከ 1968 ሞዴል አጭር የውሃ ፓምፕ ይገጥም ነበር፤ ከ1969 ጀምሮ ግን በአብዛኞቹ መኪኖቹ ረጅሙን ተጠቅሟል። አንተ ያስገባኸው 350 ሞተር ከረጅሙ ጋር ከመጣ፣ የድሮው መኪናህ የመሪ ፓምፕ መያዣ ከፑሊው (ቺንጋው ከሚዞርበት መንኮራኩር) ጋር በአንድ መስመር አይውልም። የክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ፣ የውሃ ፓምፑና መያዣው ከአንድ ዘመን ይሁኑ።

ከዚያ፦
1. ቺንጋውን አውልቀህ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በክራንክሻፍቱ ፑሊ ላይ አስደግፍ።
2. የፑሊዎቹ ጠርዝ ውፍረት ስለሚለያይ ጠርዙን አትመን፤ በሁለቱም ፑሊዎች ከማስመሪያው እስከ ቺንጋው የሚገባበት ቦይ መሀል ለካ።
3. ትንሽ ልዩነት ከቀረ ከመያዣው ሥር ሮንዴላ ጨምር።
4. ቺንጋውን ወጥረህ እንደገና ለካ። የኋላው ድጋፍ ብረት ከጎደለ (ብዙ ጊዜ ይጎድላል) ፓምፑ ሲወጠር ይጣመማል።

ቺንጋውን ስትወጥር ግን መፈልቀቂያ ብረት በመሪ ፓምፑ ዘይት ማጠራቀሚያ ላይ አስደግፈህ አትፈልቅቅ። ስስ ቆርቆሮ ነው፤ በትንሹ ከተጎዳ ከፓምፑ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። የጎማ ቀለበት መቀየርም ያን ጊዜ አይጠቅምህም። ፓምፑን በእጅህ ስበህ ቡሎኑን አጥብቅ።