ካልሺየም አይረን አርሰናይድ ሲጨመቅ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል ወይስ አይሆንም?

የእህታችን ጥያቄ ይህ ነበር። ለሴሚናር ስታነብ አንዱ ጽሑፍ ካልሺየም አይረን አርሰናይድ በግፊት ሥር በ12 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 261 ዲግሪ ሴልሺየስ) አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ሬዚስታንስ (መቋቋም) ያስተላልፋል ይላል። ሌላው ደግሞ በጭራሽ አይሆንም ይላል። የቱን ልመን?

ሁለቱንም እመኚ። ሁሉም ያየውን ነው የጻፈው። ልዩነቱን ያመጣው ክሪስታሉ የተጨመቀበት ፈሳሽ ነው። እኔ የግፊት ሴል (ናሙና የሚጨመቅበት ጠንካራ የብረት ዕቃ) ሳጠብቅና ስፈታ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ከዚያ በኩል ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ስለ ክሪስታሉ። የብረትና የአርሰኒክ ንጣፎች አሉ፣ በመካከላቸው ካልሺየም አለ። በክፍል ሙቀት ቅርጹ ቴትራጎናል ነው፤ መሠረቱ እኩል ካሬ፣ ቁመቱ ግን የተለየ ማለት ነው። ሳይጨመቅ ሲቀዘቅዝ 170 ኬልቪን ላይ በድንገት ወደ ኦርቶሮምቢክ (ሦስቱም ጎኖቹ የተለያዩ) ይለወጣል፣ ብረቱም ማግኔታዊ ሥርዓት ይይዛል። 0.35 ጊጋፓስካል ገደማ ስትጨምሪበት ግን ሌላ መንገድ ይይዛል። (3,500 አትሞስፌር መሆኑ ነው፤ በእኛ ሥራ ይህ እንደ ግፊት አይቆጠርም።) የላይኛውና የታችኛው ንጣፍ አርሰኒኮች እርስ በርስ ይያያዙና ክሪስታሉ በቁመቱ 10 በመቶ ያህል ይደረመሳል። በጎኑ ደግሞ ትንሽ ይሰፋል። ጠቅላላ ይዘቱ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን በ2008 በኒውትሮን ጨረር ያዩት ሰዎች ኮላፕስድ (የተደረመሰ) ቴትራጎናል አሉት። የብረቱ ማግኔታዊነትም አብሮ ይጠፋል። እዚህ ላይ አስምሪበት።

አሁን ወደ ሴሉ እንምጣ። በተለመደው ፒስተን ሲሊንደር ሴል ናሙናው ጣት የምታህል የቴፍሎን ካፕሱል ውስጥ ይገባል። አራት የወርቅ ሽቦዎች በብር ቀለም ይለጠፉበታል። ሽቦዎቹ ከፀጉር ይቀጥናሉ፤ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ቀኑ ባከነ ማለት ነው። ከዚያ ካፕሱሉ በዘይት ይሞላል፣ በሃይድሮሊክ ፕሬስ ይጨመቃል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ሴሉም ወደ ክራዮስታቱ (ወደ ማቀዝቀዣው) ይወርዳል። ችግሩ የሚጀምረው ሲቀዘቅዝ ነው። ዘይቱ ይጠጥራል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ብዙ ላብ የሚጠቀምበት ዳፍኒ የሚባለው ዘይት 0.2 ጊጋፓስካል አካባቢ ሊጥል ይችላል። ዋናው ነገር በ0.35 ላይ በሚሆንበት ክሪስታል ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ «ግፊቱ 0.5 ነው» ሲል የት የተለካ 0.5 እንደሆነ ፈልጊ። የተለካው በማንጋኒን (ሬዚስታንሱ በግፊት የሚለወጥ ሽቦ) ከሆነ ብዙ ጊዜ የክፍል ሙቀቱን ግፊት ነው የሚነግርሽ። በእርሳስ (በብረቱ) ከሆነ በቅዝቃዜው ጊዜ ያለውን ነው፤ ምክንያቱም የሚታየው እርሳሱ ራሱ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት 7.2 ኬልቪን በግፊት ምን ያህል እንደወረደ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የጠጠረው ዘይት ነው። ክሪስታሉ በቁመቱ 10 በመቶ ልደረመስ ይላል፣ ግን ሲሚንቶ ውስጥ እንደተቀበረ ሆኗል። ስለዚህ በአንድ በኩል ይጨነቃል፣ በሌላ በኩል ይሳባል። ከፊሉ ይደረመሳል፣ ከፊሉ ኦርቶሮምቢክ ሆኖ ይቀራል፣ ጥቂቱ ደግሞ ሳይደረመስ ቴትራጎናል እንደሆነ እስከ ታች ይወርዳል። ግፊት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሰጡ ሙከራዎች እንደሚያሳዩት ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ያለው እዚህ ጥቂቱ ውስጥ ነው። ሬዚስታንስ ደግሞ ዜሮ ለመሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ አንድ ቀጭን መንገድ ይበቃዋል። የቀረው 95 በመቶ ተራ ብረታ ብረት ቢሆንም ግራፉ ዜሮ ላይ ይቀመጣል።

በ2009 ሥራው በሂሊየም ተደገመ። ሂሊየምም በግፊት ሥር ይጠጥራል፣ ግን በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ነው፤ ጠጥሮም ለስላሳ ነው። ያኔ ለውጡ ጥርት ብሎ ታየ፣ ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ግን የለም። እኔም በዘይት የለካሁት የሬዚስታንስ መስመር በብዙ ዲግሪ ላይ ተንሸራቶ የሚወርድ ነበር። በሂሊየም ያየሁት በአንድ እርምጃ ቁልቁል ይወርዳል። ሴሉን ስትከፍቺ ክሪስታሉ በንጣፎቹ ተሰነጣጥቆ ካገኘሽው አትደነቂ።

ለእኔ የሂሊየሙ ውጤት ከማግኔቱ ታሪክ ጋርም ይገጥማል። በዚህ ብረት ባላቸው ሱፐርኮንዳክተሮች ቤተሰብ ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ከማግኔታዊ መዋዠቅ (የብረቱ ማግኔታዊነት ሳይረጋ ከመወዛወዙ) ጋር የተያያዘ ነው ብለው የሚያምኑት ብዙ ናቸው። በተደረመሰው ቅርጽ ውስጥ መዋዠቁ ራሱ የለም።

ይህን ግን ወደ ሁሉም አታስፊው። አይረን ሴሌናይድ ሳይጨመቅ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው በ8 ኬልቪን ነው፤ በ9 ጊጋፓስካል አካባቢ ወደ 37 ይወጣል። ፍሎሪን የተጨመረበት ላንታነም አይረን አርሰኒክ ኦክሳይድም በ2008 ከ26 ወደ 43 ኬልቪን ወጥቷል፣ በ4 ጊጋፓስካል። ያን ሰሞን ሁሉም ወደ ግፊት ሴል የሮጠው በዚህ የተነሳ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚዘለው። ክሪስታሉ ከምን ቅልጥ (ከቀለጠ ብረታ ብረት) እንዳደገ እዪ። ከቆርቆሮ ያደገው ከላይ እንዳልኩት ይሆናል። ከብረት አርሰናይድ ቅልጥ አድጎ ከከፍተኛ ሙቀት በድንገት የቀዘቀዘው ግን ምንም ሳይጨመቅ ከ100 ኬልቪን በታች ራሱ ይደረመሳል። ሁለቱን አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ካስገባሻቸው ትጠፊያለሽ።

ስሌት እንደምትሠሪም ጽፈሻል። የተደረመሰውን ቅርጽ ያለ ማግኔት አስይው፣ ቁመቱ ከልኬቱ ጋር ይቀራረባል። ያልተደረመሰውን ግን ያለ ማግኔት ካሰላሽ ቁመቱ በጣም አጥሮ ይወጣልሻል። ያነበብሻቸውን የሁለቱን ጽሑፎች የሙከራ አንቀጽ እዚህ ለጥፊልን፣ የየትኛው ፈሳሽ ምን እንደሆነ አብረን እናያለን።