አመድ የመሰለው ነጠላ

እሁድ ጠዋት ካሜራና ስልክ ይዛችሁ ሰፈር ለሰፈር ለምትዞሩት ልጆቼ፤

በጥምቀት ሰሞን ቡና ይዘን ስንቀመጥ ከመካከላችሁ አንዷ፣ «ጋሼ፣ ያነሳሁት ነጠላ ሁሉ አመድ መስሎ ወጣብኝ። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። የሳቅሁት በእሷ አልነበረም። ያንን ጥያቄ እኔም ከአርባ ዓመት በፊት ጠይቄዋለሁ፤ ልዩነቱ የሚመልስልኝ ሰው ስላልነበረ መልሱን ያገኘሁት የሰው ሠርግ አበላሽቼ መሆኑ ነው።

ሙያውን በተማርሁበት ፎቶ ቤት ሦስት ዓመት ወለል ጠርጌያለሁ፣ ጉርድ ፎቶ ቆርጫለሁ፣ የታጠበ ወረቀት በገመድ ላይ አስጥቻለሁ። አሠሪዬ ግን ኬሚካል በሚበጠብጥበት ሰዓት ፊልም የሚታጠብበትን የጨለማ ክፍል በር ከውስጥ ይቀረቅር ነበር። አልፈርድበትም። በዚያን ዘመን ፎቶ ማንሳት እንደ ቤተሰብ ርስት የሚታይ ነገር ነበር። ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንም ሙያውን ያወረሱት ለልጆቻቸው ነው። እኔ ደግሞ የማንም ልጅ አልነበርሁም፤ ስለዚህ የማውቀው በበሩ ስንጥቅ ያየሁትን ብቻ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሠርግ ስላክ ባለ 36 ፎቶ ሁለት ፊልም ተሰጠኝ። የሙሽራዋ እናትና ዘመዶቻቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከድንኳኑ ፊት ለፊት በፀሐይ ተደርድረዋል። የካሜራዬ ብርሃን መለኪያ መርፌ መካከል ላይ ቆመልኝ፤ አመንሁትና አነሳሁ። ፊልሙ ሲታጠብ ልብሱ ሁሉ አመድ፣ ፊቱ ሁሉ ጥላ። የሙሽራዋ እናት ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አይተው አይተው፣ «ልጄ፣ እኔ የትኛዋ ነኝ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ወራት ፈጅቶ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ መለኪያው የሚያየውን አያውቅም። ያሳያችሁትን ሁሉ፣ ከወደቀበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ ነጠላ ስታሳዩት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ጥቁር ካባ ስታሳዩት ደግሞ ይጨምራል፤ ካባውም ያው አመድ ሆኖ ይወጣል።

ለልጅቱ ይህንኑ ነግሬ፣ «ብርሃኑን አንድ እርከን ጨምሪ» አልኋት። በካሜራው ላይ ወደ መደመሩ ምልክት መሄድ፣ በስልክ ከሆነ ፊቱን በጣት ነክቶ የምትመጣውን ትንሽ ፀሐይ ወደ ላይ መግፋት። ደስ ብሏት ሄደች። እኔም እንደ ሊቅ ተንቀባርሬ ቤቴ ገባሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ያመጣችውን ስናይ ፊቱ አምሯል፤ ነጠላው ግን የለም። ፈትሉም እጥፋቱም ጠፍቶ፣ ጥለቱ ብቻ ባዶ ነጭ ላይ ተንጠልጥሏል። ምክሬ የፊልም ዘመን ምክር ነበር። ነጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይችላል፤ ሲያንሰው ነው ባዶ የሚሆነው። ዲጂታሉ ግን በተቃራኒው ነው፤ አንዴ ጨርሶ ከነጣ ቦታ ፈትል አይመለስም፣ ከጥላ ውስጥ ግን ብዙ ነገር ጎትቶ ማውጣት ይቻላል። ይህን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ነጠላው ፈትሉን እንዳያጣ አድርጋ ታነሳና ፊቱን በኋላ በኮምፒውተር ከፍ ታደርገዋለች።

ከዚያ በሦስተኛው እሁድ አያቷን ከፀሐይ አንስታ በር ላይ፣ ከደጃፉ አንድ እርምጃ ገባ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ነጠላውን ከትከሻቸው አውርዳ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችው። ከደጅ የገባው ብርሃን ነጠላው ላይ አርፎ ወደ ፊታቸው ተመለሰ፤ ከአገጫቸው ሥርና ከዓይናቸው ጉድጓድ ጥላው ለቀቀ። አርባ ዓመት የተጣላሁት ነጠላ ለካ ከፎቶ ቤት የመብራት ዕቃ የሚስተካከል ብርሃን ሰጪ ኖሯል! ነገሩን ከነቀኑ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍሁት።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። እሁድ እሁድ ስትገናኙ የምታሳዩት ያማረውን ነው፤ «ግሩም ነው» ትባባላላችሁ፣ ትለያያላችሁ። እኔ በዚያ ጨዋታ ብዙ ሲማር ያየሁት ሰው የለም። ያቺ ልጅ ግን አመድ የመሰለውን ፎቶዋን ጠረጴዛ ላይ ስላወጣችው እሷም እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ የምንነጋገርበት አገኘን። የተበላሸባችሁንም ይዛችሁ ኑ። አንድ ፎቶ፣ ከነሰዓቱና ከነቦታው፣ ምን አስባችሁ ምን እንደወጣ።

ከደብተሬ እኔም ጥቂት ላዋጣ። የዕጣን ጭስ ፊት ለፊት መብራት እየበራበት አይያዝም፤ መስኮቱ ከጭሱ ኋላ በጎን በኩል፣ ልክ ከጭሱ ጀርባ ደግሞ ጨለም ያለ ግድግዳ መኖር አለበት። ያን ጊዜ ጭሱ እንደ ሐር ክር ይታያል። ሌላው፣ የውጭ ሰዎች ጀንበር ስታዘቀዝቅ ስለሚገኘው ወርቃማ ሰዓት የሚጽፉትን እንዳለ አትመኑ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ ያ ለስላሳ ብርሃን የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ቢሞላ ነው። ቦታችሁን ቀድማችሁ ያዙ። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ የመብራት ምሰሶ ጥላ ከእግሩ ሥር ሲገባ ታያላችሁ። የሰው ፊት ለማንሳት የከፋ ሰዓት ነው፤ እኔ ግን የገበያ ጃንጥላዎችን ከፎቅ ላይ ሆኜ ያነሳሁት በዚያ ሰዓት ነው፣ አልቆጨኝም።

በክረምት ካሜራ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አታሳድሩ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሌንሱም ሻጋታ ያበቅላል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ።

ለሰው ፎቶ እሰጥሃለሁ ካላችሁም አሳጥባችሁ አድርሱ። በዚህ ላይ ማብራሪያ አልጨምርም።

አሁን ደግሞ የእኔን የተበላሸ ላውጣ። አምና ጃካራንዳው ሲያብብ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ ነበር፤ በስልኬ ያነሳሁት ግን ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። በጥላ ሞከርሁ፣ በፀሐይ ሞከርሁ፣ የቀለም ማስተካከያውን እስኪሰለቸኝ ነካካሁት፤ አበባው ዓይኔ ያየውን አልሆን አለ። ዘንድሮም ሊያብብ ነው። ከእናንተ ዘዴውን ያገኘ ካለ እሁድ ቀደም ብሎ ይምጣ፤ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።