መልስ፦ የቤንዚን ታንክ ክዳን ቀይሬም የመኪናው የብልሽት ኮድ ፒ0446 ይመለሳል፣ ቤንዚን ስሞላም የማደያው ቧንቧ ቶሎ ቶሎ ይቆርጣል

ወንድሜ፣ ክዳኑን ተወው። ፒ0446 የሚጠቁመው የቬንት ቫልቩን (የታንኩን አየር መተንፈሻ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) መስመር ነው። ስትሞላ መቁረጡም የታንኩ አየር መውጫ እንዳጣ ያሳያል፤ ሁለቱ ምልክቶች ይገጥማሉ።

ቫልቩ ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ ከከሰሉ ካኒስተር (የቤንዚን ትነት የሚይዝ ከሰል ያለበት ዕቃ) አጠገብ ነው። ፈተህ አውጣውና ንጹህ ቱቦ ሰክተህ ንፋበት (እንዳትስብ፣ የቤንዚን ትነት ነው)። በአብዛኛው መኪና ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ክፍት መሆን አለበት። አየር ካላለፈ ወይ ተጣብቋል ወይ አቧራና የሸረሪት ድር ደፍኖታል። ቀጥሎ 12 ቮልት ስጠውና ድጋሚ ንፋ፤ አሁን መዝጋት አለበት። "ቀጭ" ማለቱ ብቻ እንዳያታልልህ፣ ቀጭ እያለ የማይዘጋ ሞልቷል።

እሱ ደህና ከሆነ ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ፈልግ፣ ፊውዙንም እይ። ደግሞ አንዴ ከቆረጠ በኋላ እየጨመርክ አትሙላ፤ ፈሳሹ ካኒስተሩ ውስጥ ገብቶ ከሰሉን ያበላሸዋል።