«ኮፊ» ከካፋ የመጣ ቃል ነው? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

አንዲት አንባቢ፣ በእንግሊዝኛ «ኤ ኮፊ» ማለት ስሕተት ነው ብለው ሰዎች አርመውኛል ይላሉ። ስሕተት አይደለም፤ አንድ ስኒ ሲያዙ «ኤ ኮፊ» ይባላል፣ ስለ ቡና በጅምላ ሲያወሩ ግን «ኤ» ይቀራል። የቀረውን ሰዋስው አስተማሪዎን ይጠይቁ።

ሌላው ደግሞ «ሞካ ማለት ቸኮሌት አይደለም እንዴ?» ብለዋል። አይደለም። ሞካ በቀይ ባሕር ዳር ያለች የየመን ወደብ ናት፤ ቡና በብዛት ይጫንባት ስለነበር ስሟ ለቡናው ተረፈ። ቸኮሌቱ የኋላ ጭማሪ ነው።

ከቦንጋ የጻፉልን አንባቢ ደብዳቤ ረዘም ይላል። «ኮፊ» ከካፋ መምጣቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ኖረው፣ የሥራ ባልደረባቸው «ማስረጃ አምጣ» ቢሏቸው ተቆጥተዋል። ፍረዱኝ ይላሉ።

ባልደረባዎ እውነት አላቸው። የቃሉ መንገድ የታወቀ ነው፤ እንግሊዝኛ ከደች፣ ደች ከቱርክኛ «ካህቬ»፣ ቱርክኛም ከዐረብኛ «ቀህዋ» ወሰዱት። ለንደን በ1652 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን ቡና ቤት ከከፈተች ወዲህ በየሰዉ አፍ ገባ። «ቀህዋ» በጥንቱ ዐረብኛ የወይን ጠጅ ስም ነበር፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን ለጸሎት ነቅተው ለማደር ቡና ሲጠጡ ስሙ ወደ ቡና ዞረ። ከዚያ ወደ ካፋ የሚያሻግረን የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። ደግሞስ የካፋ ሰው ራሱ ምን ይላል? «ቡኖ»! ዐረቡም ፍሬውን «ቡን» ይለዋል፤ ነጋዴው ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው ቡን ነው፣ ስኒ ውስጥ ሲገባ ቀህዋ። ከእኛው «ቡና» ጋር የሚዛመደው ይኼ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ስም ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ተክሉን «ኮፊያ አረቢካ» አለው፤ አገሩ ዐረብ መስሎት። አገሩ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በካፋ ጫካ ዛሬም ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ ይገኛል፤ ዩኔስኮም አካባቢውን በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ለባልደረባዎ ይህን ይንገሯቸው እንጂ ባልተረጋገጠ የቃል ዘር አይሟገቱ።

የመጨረሻው ጠያቂ ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ናቸው። «ካፌይን ምን ማለት ነው፣ እሷስ ቡና መተው አለባት ወይ?» ይላሉ። ካፌይን ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ በ1819 ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙም ከቡና ስም የተቀዳ ነው። ሁለተኛውን ግን ከእኔ አይጠብቁ። ባለቤትዎ በቀን ስንት ስኒ እንደሚጠጡ፣ ሻዩንም ቆጥረው፣ እርግዝናቸውን ለሚከታተለው ሐኪም ይንገሩ። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ አያቆዩት፤ በዚህ ሳምንት ይሂዱ።