ኬብሉ ሳይነቃነቅ ባለቤቱ ሲቀየር

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የምሠራበት አነስተኛ ድርጅት ወደ አውሮፓ የሚሄደውን የመረጃ መስመር የሚከራየው፣ አትላንቲክን የሚያቋርጥ የባሕር ሥር ኬብል ካለው ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ለውጭ አገር ገዢ መሸጡን ከሰማን ወራት አልፈዋል፤ በጠየቅን ቁጥር ግን የሚሰጠን መልስ «ሽያጩ የመንግሥትን ፈቃድ እየጠበቀ ነው» የሚል ብቻ ነው። ኬብሉ ከተዘረጋበት አይነሣም፤ የሚቀየረው የአክሲዮኑ ባለቤት ነው። ሻጭና ገዢ ከተስማሙ ወዲያ መንግሥት ምን ቤት ነው? እኛስ ልንሰጋ ይገባል?

መልስ፦ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎች በሚዘጋጁበት ቢሮ ስለሆነ ደብዳቤዎን በደስታ ነው ያነበብኩት። ከስጋትዎ ልጀምር። ፈቃዱ እስኪሰጥ ኬብሉ በሻጩ እጅ ሆኖ ይሠራል፤ የኪራይ ውላችሁም እንደጸና ነው። የውሳኔው መዘግየት በራሱ መስመር አያቋርጥም።

«መንግሥት ምን ቤት ነው» ላሉት ግን ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይያዙልኝ)። በ1920 ዌስተርን ዩኒየን የተባለው የቴሌግራፍ ኩባንያ፣ ከብራዚል በባርቤዶስ በኩል ከሚመጣው የእንግሊዞች መስመር ጋር የሚገናኝ ኬብል ማያሚ ላይ ሊያሳርፍ ተነሣ። እንግሊዛዊው ኩባንያ በብራዚል የብቸኝነት መብት ስለነበረው የዋሽንግተን ባለሥልጣናት አልተዋጠላቸውም፤ ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን የባሕር ኃይል መርከቦች ልከው ሥራውን አስቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1921፣ ኮንግረሱ የኬብል ማረፊያ ፈቃድ ሕግን አወጣ። ሕጉ ማንም ያለ ፈቃድ በአሜሪካ ምድር ኬብል እንዳያሳርፍ ይከለክላል፤ ለአገር ደኅንነት ሲባል ፈቃድ መከልከልንም ሆነ የተሰጠውን መሰረዝን ይፈቅዳል። ሥልጣኑ የፕሬዚዳንቱ ነበር። በ1954 የአገሪቱን የመገናኛ ዘርፍ ለሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ተላለፈ፤ ሆኖም ኮሚሽኑ ያለ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሁንታ አይወስንም።

እንግዲህ ሻጩ የሚሸጠው ፋይበሩን፣ ማለትም መረጃው የሚያልፍበትን የብርጭቆ ክር፣ ብቻ አይደለም። ኬብሉ ከባሕር የሚወጣበትን ጣቢያ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚመገብበትን ክፍል፣ መስመሩን ሌሊትና ቀን የሚከታተለውን ማዕከልና ፈቃዱን ጭምር ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ታይቶና ተመርምሮ ለታወቀ ሰው ነው፤ ያ ሰው ሲለወጥ ምርመራው እንደገና ይጀመራል።

በቢሯችን ትልቁን ጊዜ የሚወስደው የቴክኒኩ መግለጫ አልነበረም፤ የባለቤትነት ሥዕሉ ነው። ገዢው ማን ነው? የገዢው ባለቤትስ? ከእርሱ በላይ ያለው ድርጅትስ በየትኛው አገር ተመዘገበ? ከመቶ ዐሥርና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በስሙና በዜግነቱ ይገለጻል። ሽማግሌዎች ጋብቻ ከመፍቀዳቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጥሩት ያለ ሥራ ነው። አንድ የኢንቨስትመንት ፈንድ ባለገንዘቦቹን መግለጽ ሲያንገራግር ማመልከቻው እዚያው ይቆማል። ብዙ ጊዜ ደንበኞች ተቆጣጣሪውን ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፤ ከዘገየው ፋይል ውስጥ ግን አብዛኛው የዘገየው ገዢው ሥዕሉን አጉድሎ በማቅረቡ ነበር።

አሁን ግሎባል ክሮሲንግ የተባለውን ኩባንያ ታሪክ ልንገርዎ፤ ለጥያቄዎ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ኩባንያው በ1997 ተቋቁሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አትላንቲክንና ፓስፊክን የሚያቋርጡ ኬብሎች ዘረጋ። በጥር 2002 ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሆንግ ኮንጉ ሀቺሰን ዋምፖዋና የሲንጋፖሩ ኤስቲ ቴሌሚዲያ ከድርጅቱ 61.5 በመቶውን በ250 ሚሊዮን ዶላር ሊገዙ ተስማሙ። በኪሳራ ፍርድ ቤትና በአበዳሪዎች ዘንድ ነገሩ ሰመረ፤ በዋሽንግተን ግን ወራት ፈጀ። የመከላከያና የደኅንነት ባለሥልጣናት ሀቺሰን ከቻይና ጋር አለው ስላሉት ግንኙነት ሥጋታቸውን ገለጹ፤ ኩባንያው በሚያዝያ 2003 ራሱን አገለለ። ኤስቲ ቴሌሚዲያ ድርሻውን ጠቅልሎ ያዘ። እርሱም ቢሆን የሲንጋፖር መንግሥት ድርጅት በሆነው በተማሴክ እጅ የነበረ ኩባንያ ነው።

ታዲያ እንዴት ተፈቀደለት? በመስከረም 2003 የመከላከያ፣ የፍትሕ፣ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶችና ኤፍቢአይ ከኩባንያው ጋር የደኅንነት ስምምነት ተፈራረሙ። የአውታሩ መቆጣጠሪያ ማዕከል በአሜሪካ ምድር እንዲሆን፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የሠላሳ ደቂቃ ማስታወቂያ ብቻ ሰጥተው ሊጎበኙት እንዲችሉ፣ መንግሥት የሰዎችን ግንኙነት ለመከታተል የሚሰጣቸውን ትእዛዞች የሚያስተናግዱት መንግሥት ያጣራቸው አሜሪካውያን ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። እነዚህ ሠራተኞች የሚያውቁትን ለራሳቸው ኩባንያ ዳይሬክተሮች እንኳ እንዳይናገሩ የሚከለከሉበት ጊዜ ነበር። በጥቅምት የኮሚሽኑ ፈቃድ ተሰጠ፣ በታኅሣሥ ሽያጩ ተጠናቀቀ። በባሕሩ ወለል ላይ አንዲት ሜትር ፋይበር አልተነቃነቀችም።

እኔ ይህን ምርመራ እደግፋለሁ። የእርስዎ ደንበኛ ባንክ ሊሆን ይችላል፣ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፤ መረጃው በሚያልፍበት ጣቢያ ውስጥ ማን ቁልፍ እንደያዘ የሚጠይቅ አንድ አካል ሊኖር ይገባል። ነገር ግን የውጭ ሰላይ እንዳይገባ በሩን የሚዘጋው ስምምነት ለአገሩ መንግሥት በሩን በሰፊው ሊከፍት እንደሚችል ከላይ ያየነው ያሳያል። ይህ እጅግ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ገዢና መንግሥት ይቀመጣሉ እንጂ ከእርስዎ ድርጅት ወይም ከደንበኞችዎ ወገን የሚቀመጥ የለም።

ጊዜውን በሚመለከት፦ እነዚህ የመከላከያ፣ የፍትሕና የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች በልማድ «ቲም ቴሌኮም» እየተባሉ ለዓመታት ያለ ቀን ገደብ ሲመረምሩ ቆይተዋል። በሚያዝያ 2020 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሚመራ ኮሚቴ አደረጋቸውና 120 ቀን ለመጀመሪያ ምርመራ፣ ካስፈለገም ተጨማሪ 90 ቀን ሰጣቸው። ልብ ይበሉ፤ የ120 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ኮሚቴው ለጥያቄዎቹ የተሰጡት የገዢው መልሶች ተሟልተዋል ብሎ ሲወስን ነው። ስለዚህ ኩባንያውን «ቆጠራው ተጀምሯል ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁት። ውላችሁ የባለቤት ለውጥ ሲኖር ለተከራይ ምን መብት እንደሚሰጥም ዛሬውኑ ያንብቡ፤ ዋጋ ሊቀየር የሚችለው በዚያ አንቀጽ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ወደ እኛ የሚመጣው የባሕር ኬብል ባለቤት ቢሸጠው ኢትዮጵያ መከልከል ትችላለች? (ከአዳማ)

መልስ፦ በዚህ መንገድ አትችልም። የባሕር በር ስለሌለን የማረፊያ ፈቃድ የምንሰጥበት ዳርቻ የለንም። ኬብሎቹ የሚያርፉት በጎረቤቶቻችን ነው፤ ዋናዋ ጅቡቲ ናት። ሲኮምና ኢሲ የተባሉት ኬብሎች ከሚያርፉባቸው ቦታዎች አንዷ እርሷ ነች። የጅቡቲ መንግሥት በ2021 ከጅቡቲ ቴሌኮም ላይ የተወሰነ ድርሻ ለመሸጥ ማሰቡን ባስታወቀ ጊዜ ጉዳዩ ለእኛ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ብዙ ሰው አላስተዋለም። ውሳኔው የእነርሱ ነው፤ የእኛ ኩባንያዎች በእጃቸው ያለው ውላቸው ነው። የባለቤት ለውጥ አስቀድሞ እንዲነገራቸው፣ ዋጋውና የአገልግሎቱ ደረጃ አዲሱንም ባለቤት እንዲያስገድድ፣ ካልሆነም ውሉን ያለ ቅጣት ማቋረጥ እንዲችሉ በግልጽ ማጻፍ አለባቸው። በኬንያና በሱዳን በኩል የሚያልፉት መስመሮች አስፈላጊነታቸውም እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ መውጫ የሌለው ተከራይ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ጠይቆ አያገኝም።