ላፕቶፑ አልበራ ሲል ማዘርቦርድ ከመግዛትሽ በፊት ቻርጀሩን አስለኪ

«ማታ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ላፕቶፔ አልነሳ አለኝ፤ ቻርጀር ብሰካም ምንም ምልክት የለም፤ ጥገና ቤት ብወስደው ማዘርቦርዱ ሄዷል አሉኝ፤ ልክፈል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

አትክፈዪ። ባለፈው ክረምት በእኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። «ማዘርቦርዱ ሄዷል»፣ ማለትም የላፕቶፑ ዋና የውስጥ ሰሌዳ ተበላሽቷል፣ የምትለው ቃል 14,000 ብር ልታስወጣኝ ነበር።

1. ቻርጀሩን ንቀዪ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጪው፤ ከውስጥ የታሰረ ከሆነ ተዪው። ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፤ በቦርዱ ላይ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ከዚያ ቻርጀሩን ሰክተሽ ሞክሪ። አንዳንዱ በዚህ ብቻ ይነሳል፤ የእኔ አልተነሳም። ማራገቢያው የሚሽከረከር ወይም የካፕስ ሎክ መብራት የሚበራ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻ የሚይዘውን ትንሽ ካርድ) አውጥተሽ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ጠርገሽ መልሺው።

2. ቻርጀሩን በመልቲሜትር (ቮልት በሚለካ መሣሪያ) አስለኪ። የቻርጀሩ መብራት በርቷልና ደህና ነው ብለሽ እንዳትታለዪ፤ እኔ የተታለልሁት በዚህ ነው። ያን ማታ መብራት ሲጠፋ የመመረቂያ ጽሑፌን በባትሪ እጽፍ ነበር፤ ባትሪውም አልቆ ኮምፒውተሩ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ አምፖሉ ቦግ ብሎ ነጣ፤ የጎረቤት ፍሪጅ ሲያቃስት በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ቻርጀሬ ደግሞ ከዲቫይደሩ አልተነቀለም።

ጠዋት ወደ ጥገና ቤት ሮጥሁ። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «አስቀምጠው፤ ነገ ና» አለኝ። ቻርጀሩን በእጄ ይዤዋለሁ፤ እስቲ ልየው አላለም። ነገ የተባለው አራት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን «ማዘርቦርድ ነው፤ 14,000» አለኝ። «በምን ለካችሁት?» ብለው «አንተ ኢንጂነር ነህ እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ፤ ጠረጴዛው ዙሪያ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። «ማስከፈቻ» ብሎ 500 ብር ተቀብሎኝ ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ። ኢንጂነር አይደለሁም፤ የታሪክ ተማሪ ነኝ።

ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ላፕቶፑን ሳይነኩ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ቻርጀሩን ነው። ጀርባው ላይ 19.5 ቮልት ይላል። የአሮጌ መልቲሜትራቸውን ሽቦዎች ጫፉ ላይ ሲያስነኩት መርፌዋ 5 አካባቢ ደርሳ ትወድቃለች፤ እንደገና ትነሳለች፤ ትወድቃለች። መብራቱ ግን አረንጓዴ ሆኖ በርቷል። «ይህችን አምፖል ለማብራት ይበቃል፤ ላፕቶፕ ለማንሳት አይበቃም» አሉኝ። በ1,800 ብር ቻርጀር ገዛሁ፤ ሰካሁ፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ተነሳ። ጽሑፌም በነበረበት አለ። ያን ቀን ልጁ ፊት ተመልሼ ሄጄ በርቶ ላሳየው አስቤ ነበር፤ የታክሲው ወረፋ አስቀረኝ።

ስትገዢ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። የእኔ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ነበር። «ሁሉም አንድ ነው» የሚልሽን ሻጭ እለፊው። በዩኤስቢ ሲ የሚሰካ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አይለካም፤ ከላፕቶፑ ጋር ሳይነጋገር ሙሉ ቮልቱን አይሰጥምና፣ የሚሠራ ቻርጀር ከጓደኛ ተውሰሽ ሞክሪ።

አንድ ምልክት ልብ በዪ፦ የቻርጀሩ መብራት ብቻውን በርቶ፣ ላፕቶፑ ላይ ስትሰኪው ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ላፕቶፑ ውስጥ ሾርት (ኤሌክትሪኩ ያለ መንገዱ የተገናኘበት ቦታ) ሊኖር ይችላል። ያኔ ባለሙያ ያስፈልግሻል። ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ኤሌክትሪኩ በሚገባበት በኩል ያለች አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት፤ እሷን ለይቶ የሚቀይር ሰው ፈልጊ እንጂ ሙሉ ማዘርቦርድ አትግዢ።

3. ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ፋይሎችሽ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ አውጥተሽ አስቀሪ፤ አንዲት ካቻቪቴ ትበቃለች። የራሙን መጠን ጻፊ፤ ክፍት ሆኖም ፎቶ አንሺው፤ ደረሰኙ ላይም እንዲሰፍር አድርጊ። እኔ ይህን አላደረግሁም። ላፕቶፑ ከተነሳ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተንቀራፈፈብኝ፤ ገብቼ ሳየው 8 ጊጋባይት የነበረው ራም 4 ሆኗል። ተመልሼ ስጠይቅ «ስታመጣው እንደዚሁ ነበር» አሉኝ። ምን ማስረጃ አለኝ? ይህን መልስ የጻፍሁልሽም በዚያችው በ4ቷ ነው፤ ከሰዓት ጀምሬ አሁን መሸ።