ያገለገለ ጊታር ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። ጊታር መማር ብጀምርም፣ የተዋስኩት ባለብረት ክር አኮስቲክ ጊታር ጣቶቼን ስላሳመመኝ ልተወው ተቃርቤአለሁ። ኤሌክትሪክ ልግዛ ወይስ ያገለገለ አኮስቲክ ልፈልግ?

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። የጣት ጫፍ ቆዳ እስኪጠነክር ድረስ ሕመሙ ጀማሪን ሁሉ ያገኘዋል፤ ሆኖም ክሩ ከአንገቱ በጣም ከራቀ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። በ12ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ከራሱ በኩል ሲቆጠር 12ኛው) ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለኩና ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ፣ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ክሩን ዝቅ እንዲያደርግልዎ ለባለሙያ ያሳዩት።

ኤሌክትሪክ ጊታር ክሩ ቀጭን በመሆኑ ለጣት ይቀላል፤ ነገር ግን ማጉያና ገመድ ስለሚፈልግ ወጪው በጊታሩ ዋጋ አያበቃም። እኔ ለእርስዎ የምመርጠው ባለናይለን ክሩን ክላሲካል ጊታር ነው፤ አንገቱ ሰፋ ቢልም ክሩ ለስላሳ ነው። ያገለገለ ካገኙ፣ ክሩን በ12ኛው ፍሬት ትክክል ላይ ሳይጫኑ በስሱ ነክተው ይምቱት፣ ከዚያም ተጭነው ይድገሙት፤ ሁለቱ ድምፆች ካልተመሳሰሉ በአዲስ ክር ሳይሞክሩ ገንዘብዎን አይክፈሉ።

ልምምዱን ጆሮዎ ከሚያውቀው ይጀምሩ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲጫወቱ የትዝታ ሜጀር ቅኝትን ወዲያውኑ ይሰሙታል።